ማደንዘዣ ይዞ ሽምግልና

በአዲስ አበባ ጥርሱን የታመመ ሰው ሐኪም አያጣም። የሚያጣው ዝም የሚለውን ሰው ነው። ጉንጬን ይዤ ሲያዩኝ፣ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ለሌላ በሽታ ተገዝቶ የተረፈ አሞክሳሲሊን አመጡልኝ። የቢሮ ባልደረባዬ ደግሞ አስፕሪን ጥርሱ ላይ አድርገህ ንከስበት አለኝ። በመረጃ እንጂ በስሜት የማልመራ ጋዜጠኛ ነኝና፣ ምንጩን ሳላጣራ ነከስኩበት። ድዴ ተቃጠለ፤ ጥርሱ ግን ምንም ቅር አላለውም።

ይህ ሁሉ የሆነው በሽምግልናው ዋዜማ ነው። በማግስቱ ከሰዓት የእህቴን ልጅ ዳዊትን ወክዬ ቂርቆስ መቅረብ ነበረብኝ። የልጅቷ አባት ጋሽ ኃይሉ ከዚህ በፊት ሽማግሌ መልሰዋል፤ ልጁ ይጠጣል የሚል ወሬ ሰምተው። አሁንም እምቢ ካሉ በቃ፣ ነገሩ አለቀለት። ተናጋሪ ያደረጉኝ አንደበቴ ይጣፍጣል ብለው ነው።

ጠዋት ካዛንቺስ፣ ከፈረሳ የተረፈች አንዲት ክሊኒክ ገባሁ። ሐኪሟ ወግታ አደነዘዘችኝና ጥርሱን ነቀለችው። ወረፋው ረጅም ስለነበር ስወጣ ሰዓቱ ደርሷል። ሜትሮኒዳዞል አዘዘችልኝ፤ ይህን እየወሰዱ አልኮል የሚባል ነገር እንዳይቀምሱ አለችኝ። ኦሎምፒያ መድኃኒት ቤት ገዝቼ፣ አንዷን እዚያው ውጬ፣ በታክሲ ወደ ቂርቆስ።

ጋሽ ኃይሉ ፊት ቆሜ ንግግሬን ጀመርኩ። ምላሴ የእኔ አልነበረም። «ልጃችሁን ለልጃችን» ያልኩት ከለሃጭ ጋር ተደባልቆ ወጣ፤ ከንፈሬም በአንድ ወገን ተንጠለጠለ። አብረውኝ የመጡት አዛውንት ጋሽ ተፈራ ደንግጠው፣ ይቅርታ፣ አሁን ጥርሱን ተነቅሎ ነው አሉ። ጋሽ ኃይሉ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? የእኔም ወንድም ደመወዝ በወጣ ቁጥር ጥርሱን ይነቀላል!

ከዚያ፣ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ ምንም እንደማይቀምስ እያወቁ፣ ውስኪ አስቀድተው አስያዙኝ። ፈተና መሆኑ ነው። አስቀመጥኩት። መልሰው ገፉልኝ። ሜትሮኒዳዞል ልል አፌን ከፈትኩ፤ ደህና ምላስም የሚፈትን ቃል! እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ራሴን ነቀነቅኩ።

ጋሽ ኃይሉ አተኩረው አዩኝ። ይህን ያህል ሰክሮ በቃኝ ማለት የሚያውቅ አጎት ካለው፣ ልጁም ሰው ይሆናል አሉ። ፈቀዱ።

ማደንዘዣው የለቀቀኝ በእልልታው መሐል ነው። አሁን እውነቱን ማስረዳት እችል ነበር። ለአንዲት የስም ስህተት እንኳ ማረሚያ ሳወጣ የኖርኩ ሰው ዝም አልኩ።

በሰርጉ ቀን ጋሽ ኃይሉ ለስላሳ ይዤ አገኙኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ተውከው አይደል? በርታ አሉኝ።

እየበረታሁ ነው አልኳቸው።