ናስትሮ የተለጠፈባት መብራት

እኛ ስሞታ የሚባል ነገር አንወድም። ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ እናስጠጋለን፤ በሩ ሲጢጥ ሲጢጥ ሲል ራዲዮኑን ከፍ እናደርጋለን። ባለፈው የቀበሌ ስብሰባ አንድ ጎረቤታችን ተነስቶ «ይሄ ቱቦ መቼ ነው የሚከደነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መድረኩ ላይ የተቀመጡት «አጀንዳችን አይደለም» ብለው አስቀመጡት፤ ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ሲኖር እሱን የሚጠራው የለም። ይሄ ነገር አናዶኝ ሳምንት ሙሉ ላገኘሁት ሁሉ ሳወራ ከረምኩ።

አሁን የምነግራችሁ ግን ስለ መኪናዬ ነው። በናፍጣ የምትሄድ የጭነት ቫን አለችኝ። ባለቤቴ አስካለ ሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ ትሸጣለች፤ እኔ ደግሞ የእሷንም የጎረቤቶቿንም ዕቃ ወደ ክፍለ ሀገር ገበያ አደርሳለሁ። እንጀራችን ይቺው መኪና ናት። ታዲያ ለፋሲካ ወር ሲቀረው ዳገት እንቢ አለች። የእንጦጦን ዳገት ስወጣ ባዶ አህዮቹን ወደ ሱሉልታ የሚመልስ ሰው ቀደመኝ። መቅደሙስ ይቅደም፤ ዞር ብሎ በሐዘኔታ አየኝ እኮ!

ሰባተኛ ሰፈር ወዳለው መካኒክ ወደ ሸምሱ ወሰድኳት። ሸምሱ እጁ ቅባት፣ አፉ ማር የሆነ ሰው ነው። ኮፋኖውን ከፍቶ ጥቀርሻ ወደጠገበች አንዲት ብረት ጠቆመኝ።

«ጋሼ፣ ጠላትዎ ይቺ ናት። ኢጂአር ትባላለች። የሚወጣውን ጭስ ቀንሳ መልሳ ለሞተሩ ታበላዋለች። የገዛ ጭሱን እየዋጠ እንዴት ይጎትትልዎ?»

«ታዲያ ለምን ገጠሙባት?»

«ለፈረንጅ አየር ነዋ! እኛ ምን ቤት ነን?»

ከላሜራ ቁራጭ በልኳ ቆርጦ ደፈናት። እውነቱን ልናገርና መኪናዋ በረረች። በሦስተኛ ማርሽ ስወጣ ያን ባለአህያ ባየሁት ብዬ ግራ ቀኙን ቃኘሁ። በሁለተኛው ቀን ግን ከመሪው ፊት ክሩስኮቱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት በራች። ተመለስኩ። ሸምሱ ሳቀብኝ፤ ከኪሱ ጥቁር ናስትሮ አውጥቶ መብራቷ ላይ ለጠፈባት። «ስለተደፈነችው ነው የምታለቅሰው፤ አይስሟት» አለኝ። እኔ ጅሉ አመስግኜው ወጣሁ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ አስካለ ፊት ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀምጣ «ይሄ ሞተር የሆነ ነገር ያንኳኳል» አለችኝ። «አንቺ ነጠላሽን ሽጪ፤ ሞተሩን ለእኔ ተይው» አልኳት። በማግስቱ ደገመችው። ጮህኩባት። ከዚያ በኋላ አላነሳችውም፤ እኔም ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ።

ከፋሲካ በፊት ባለው የመጨረሻው የፍቼ ገበያ ዕለት፣ አስካለ ወራት የለፋችበት ጋቢ ሁሉ ተጭኖ፣ ዳገቱ መሃል ላይ ሞተሩ ነክሶ ቀጥ አለ። መንገድ ዳር ቆመን ሳለ ገበያው ተበተነ። በዓሉም አለፈን።

አስጎትቼ ሸምሱ ዘንድ አመጣኋት። ሞተሩን ፈታታና «ነዳጅ የሚረጨው ኖዝል እያንጠባጠበ ፒስተኑን በስቶታል» አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ይሄን ስሙልኝ፣ «ጋሼ፣ መብራቷ ስታስጠነቅቅዎ የት ነበሩ?» አይለኝም?

ደሜ ፈላ። «አንተ አይደለህ እንዴ የለጠፍክባት!»

«እኔ የለጠፍኩት ለኢጂአሩ ነው፤ ለኖዝሉ መቼ ለጠፍኩ?»

ለሁለቱም የምትበራው መብራት እኮ አንዲት ናት! በላዩ ላይ ሌላ መካኒክ ያቺ ብረት ጥቀርሻዋ ታጥቦ ብትመለስ ይበቃት እንደነበር ነገረኝ። እንደ አዲስ ነደድኩ።

ያልተሸጠውን ጋቢ ከአስካለ ጋር ተሸክመን ከጋራዡ በእግራችን ወደ አውቶቡስ ተራ ስንሄድ አፌ አላረፈም። ሸምሱን ሰደብኩ፤ ናስትሮ የፈለሰፈውን ሰደብኩ፤ ሰው ሲናገር የሚያስቀምጡትን እነዚያን የቀበሌ ሰዎች ሳይቀር ሰደብኩ። አስካለ ጥቅሏን ተሸክማ ትራመዳለች።

«ምነው ዝም አልሽ? ተናገሪ እንጂ!»

«የፍቼው ዕለት ጠዋት ሰምቼዋለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ማንኳኳቱን። ገና ሰባተኛን ሳናልፍ ብሶበት ነበር።»

«ታዲያ አትነግሪኝም ነበር?»

ጥቅሉን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛወረችው። «ብነግርህ ትጮህብኛለህ» አለችና ቀደመችኝ።

አታምኑኝም፤ ያኔም ልጮህባት አፌን ከፍቼ ነበር።