የእንግዳ መቀበያው ቅጠል

ባሕርን የፈጠረ አምላክ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ባሕሩን ለጎብኚ ብቁ ያደረገው ግን የወረዳው የቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መሆኑን የሚክድ ቢኖር ውለታ ቢስ ብቻ ነው። ይህን ውለታ ከሁሉ ዘግይተው የተረዱት፣ በዚያች በኢንዶኔዥያ ባለች የማሉኩ ደሴት ትንሽ ትልቁ «ቴቴ» እያለ እንደ አያቱ የሚያከብራቸው የባሕረ ሰላጤው ጠባቂ፣ ቴቴ ኤሊፋስ ነበሩ።

የሽማግሌው ሥራ ከአባት የወረደ ነው። ባሕሩ ማረፍ ሲያሻው፣ ከጀልባ ማረፊያው አጠገብ በሁለት ምሰሶ መካከል ለጋ የኮኮናት ቅጠል ያስራሉ፤ ፓስተሩ ይጸልዩበታል፤ ደወል ይደወላል። ከዚያ ወዲያ ሦስት ወር እስኪሞላ እንኳን ጀልባ፣ መቅዘፊያም ውኃውን አይነካም፤ የደፈረ ከነልጆቹ ይቀሠፋል ይባላል። አሁን አሁን ግን ያለ ጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ ማሰር ተከልክሏል። በዚያ ዓመት አንዲት የባሕር ላም፣ ያቺ የባሕር ሣር የምትግጥ ግዙፍ እንስሳ፣ ወልዳ ነበርና፣ ጥጃዋን የጀልባ ሞተር እንዳይቆርጣት ቴቴ ኤሊፋስ ሦስት ጊዜ አመለከቱ። ኃላፊው ማርቲኑስ፣ በደሴቱ ወግ «ባፓ» (አባት) የሚባሉ፣ ከዚያው ተወልደው ከተማ የተማሩ ባለ ብዙ ማኅተም ሰው፣ ሁለቱን «ከልማት ጋር ይጋጫል» ብለው መለሱ፤ ሦስተኛው በመመርመር ላይ ነበር።

በዚህ መካከል አርባ የባሕር ማዶ እንግዶች የባሕር ላሟን በጀልባ ተከታትለው ሊያዩ እንደሚመጡ ተሰማ። አቀባበሉ ባህላዊ እንዲሆን ተወሰነ። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴውም ንዑስ ኮሚቴ ወለደ። በዚያ ዓመት ከባሕር ላሟ ሌላ የወለደ እርሱ ብቻ ነበር። ከብዙ ስብሰባ በኋላ ባፓ ማርቲኑስ ሽማግሌውን አስጠርተው፣ በማረፊያው ዘንድ በለጋ የኮኮናት ቅጠል ያጌጠ በር እንዲያቆሙ አዘዙ።

«ቅጠሉ በሁለቱ ምሰሶ መካከል ይታሰር ነው የሚሉኝ፣ ባፓ?» አሉ ቴቴ ኤሊፋስ።

«ልክ እንደ ጥንቱ።»

«ጸሎቱስ?»

«ከነጸሎቱ፣ ከነደወሉ። እንግዳ እኮ ነው ቴቴ፤ አይሰስቱ።»

«እንግዲያው በጽሑፍ ይስጡኝ። እርጅና ነው፣ እረሳለሁ።»

ምንም ረስተው የማያውቁት ሽማግሌ፣ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ቅጠሉ ታስሮ፣ ተጸልዮበት፣ ደወሉም ተደውሎ ካበቃ በኋላ እንግዶቹ ኮረብታውን ተሻግረው በመኪና ደረሱ። ባፓ ማርቲኑስ ስለ ተፈጥሮና ስለ ሰው ልጅ ወዳጅነት ረጅም ንግግር አድርገው ሲያበቁ ጀልባ ነጂዎቹ እንዲነሡ አዘዙ። የተነሣ የለም።

«ምን ትጠብቃላችሁ?»

«ሦስት ወር» አሉ የነጂዎቹ አለቃ ማማ ሮሲና። «ራስዎ አዘግተው ግቡ ይሉናል እንዴ ባፓ? እኛ ልጆች አሉን።»

ኃላፊው ቋጠሮውን ሊፈቱ እጃቸውን ዘረጉ። ቴቴ ኤሊፋስ አልከለከሏቸውም፤ እንዲያውም በርጩማ አቀረቡላቸው።

«የታሰረውን ስለፈታው ዓሣ አጥማጅ አያትዎ ያጫወቱዎትን ረስተው ከሆነ፣ ይፍቱት።»

ያ የተማረ እጅ አየር ላይ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያም ተመልሶ ክራባት አስተካከለ።

ሞተር ያልሰማችው የባሕር ላም ግን ጥጃዋን አስከትላ፣ ሣር እየጋጠች እስከ ማረፊያው ሥር መጣች። እንግዶቹ ቁጭ ብለው እስኪጠግቡ አዩ፤ አገራቸው ሲገቡም የምስጋና ደብዳቤ ጻፉ።

ከወር በኋላ ከዋናው ከተማ በአንድ ጀልባ ሁለት ነገር ተላከ። አንዱ፣ ባፓ ማርቲኑስ ባሕሩን በአርቆ አስተዋይነት ስለዘጉ የተሸለሙት ዋንጫ ነው፤ በማረፊያው ላይ በሙዚቃ ጓድ ታጅበው እንዲቀበሉት ታዝዟል። ሁለተኛው፣ የቴቴ ኤሊፋስ ሦስተኛ ማመልከቻ «ባሕሩን መዝጋት ከልማት ጋር ይጋጫል» ተብሎ ውድቅ የተደረገበት ደብዳቤ ነው፤ ባሕሩ ሳይዘጋ ለከተማው ማኅተም ተልኮ የነበረ ነው፤ ፊርማው የባፓ ማርቲኑስ።

ጀልባዋ ሁለቱንም እንደያዘች ከቅጠሉ ማዶ ቆመች። ገና ሁለት ወር ይቀራል። የሙዚቃው ጓድ ነፋ፤ ባፓ ማርቲኑስም ዋንጫቸውን፣ እንግዶቹ ረስተውት በሄዱት አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ከሩቅ ጎበኙት።