የአሥራ ሰባተኛው ዓመት ብልቃጥ

በየመሥሪያ ቤቱ ምንም ነገር የማይጥል ሰው አይጠፋም። የእኛው ግን ይብሳል፤ የሚያከማቸው አፈር ነው።

የደን አፈር አጥኚያችን ክቡር ጋሽ ብልቃጥ ይባላሉ። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያው ወር፣ ከዚያው ደን፣ ከዚያው ምልክት አጠገብ አፈር ቆፍረው ያመጣሉ። ግማሹን ይለካሉ፤ ግማሹን አድርቀው በብልቃጥ ይከድኑና ዓመቱን በእርሳስ ጽፈው የእኔ መደርደሪያ ላይ ይኮለኩሉታል።

«ታዲያ ደኑ ምን ሆነ?» ሲባሉ መልሳቸው «ገና ነው» ነው። አማችዎ እንዴት ነው ብላቸውም «ገና ነው» አሉኝ። ሰውየው ልጃቸውን ካገባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሦስት ወልዷል። ሻይ አብረን ስንጠጣ «ስኳሩ ይበቃል?» እላቸዋለሁ። «ገና ነው» ይሉና አራተኛውን ማንኪያ ይጨምራሉ።

ዘንድሮ አዲስ አለቃ መጡ። የአፈሩ አሲድ ከዓመት ዓመት መጨመሩን መዝገቡ ላይ አይተው ሳቁ። «የተበላሸው የድሮው መለኪያ እንጂ አፈሩ አይደለም። ብልቃጡ ይጣልና ክፍሉ መሰብሰቢያ ይሁን» አሉ። እኔም እፎይ ብዬ የሚወገደውን ዕቃ ዝርዝር ፈረምኩ።

ጋሽ ብልቃጥ አልተቆጡም። የመጀመሪያውን ዓመት አፈርና የዘንድሮውን አሸክመውኝ አለቃው ቢሮ ገባን። ሁለቱንም በአዲሱ መለኪያ ለኩ። የዘንድሮው አሲድ በብዙ በለጠ።

አለቃው ቁጥሩን ደግመው አዩት። «ጥፋቱ የማን ነው?»

«የአንድ ሰው ቢሆን ጥሩ ነበር» አሉ ጋሽ ብልቃጥ። «የፋብሪካውና የመኪናው ጭስ ከዝናብ ጋር ተመልሶ ይወርዳል። አሲዱን የሚያበርደውን ማዕድን ደግሞ ግንድ በጫንን ቁጥር አብረን እንወስደዋለን። ዛፎቹም ሲያድጉ ትንሽ ይጨምሩበታል። ነገሩ ቀስ እያለ ስለሚመጣ ነው ያልታየን።»

ይህን ያህል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ዝርዝሩ እዚያው ተቀደደ።

ብልቃጦቹን ስንመልስ የአሥራ ሰባተኛው ዓመት ቦታ ባዶ ነው፤ «የለም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። አፈሩን ደፍቼ ብልቃጡን የስኳር ማስቀመጫ ያደረግኩት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት አንድም ቀን ክፉ ቃል ያልተናገሩኝን ሰው እንዴት እንደምወዳቸው ያን ጊዜ ገባኝ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያ ብልቃጥ...»

«አውቃለሁ» አሉ መደርደሪያውን እየወለወሉ። «ስኳሩ ቶሎ እንዲያልቅ የበኩሌን እያደረግኩ ነው።»