ሠላሳ አረንጓዴ፣ አንድ ቀይ

(በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ፤ የፕሮጀክት ኃላፊው ቢሮ። ግድግዳው ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሠራተኛ ሁሉ ጠዋት ጠዋት ይለጥፍበታል፤ ደኅና ያደረ አረንጓዴ ወረቀት፣ የተጨነቀ ቀይ።)

ኃላፊው፦ ይህን ቀይ ወረቀትህን አንሣው!

ግንበኛው፦ አላነሣም።

ኃላፊው፦ በአራት ሰዓት ዋና ሥራ አስኪያጁ ይመጣሉ። ሰሌዳው አረንጓዴ ከሆነ ትልቁን ፕሮጀክት ለእኔ ይሰጡኛል። ሠላሳ ሰው ደስ ብሎት አድሮ አንተ ብቻ ምን ሆነህ ነው?

ግንበኛው፦ ማን ደስ አለው? አረንጓዴ የለጠፉት፣ ቀይ የለጠፈ ለአንድ ሰዓት ስለሚመከር ነው እንጂ።

ኃላፊው፦ እንግዲያው ትመከራለህ፣ ተቀመጥ። እዚያ አይደለም፣ እዚህ! የተጨነቀ ሰው በሩ ሊታየው ይገባል፤ ሥልጠና ላይ ተነግሮናል። (ራሱ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ይቀመጣል።) በል፣ ምን አስጨነቀህ?

ግንበኛው፦ የዛሬው የሥራ ዕቅድ። እርስዎ ያወጡት...

ኃላፊው፦ ቁም! እዚህ ወንበር ላይ ስለ ሥራ ማውራት ክልክል ነው። ስለ ራስህ ንገረኝ። ከባለቤትህ ጋር ሰላም ናችሁ?

ግንበኛው፦ በጣም ሰላም ነን። ጌታዬ፣ የዚህ ቢሮ በር...

ኃላፊው፦ ልጆችስ?

ግንበኛው፦ ደኅና ናቸው። ይኼኛው በር ዛሬ ይደፈን ይላል ዕቅዱ። በጀርባ በኩል ያለው አዲሱ በር ደግሞ የሚከፈተው ሐሙስ...

ኃላፊው፦ አየህ? ከራስህ እየሸሸህ ነው።

ግንበኛው፦ (በኃላፊው ትከሻ ላይ አሻግሮ እያየ) መሸሽስ አሁን ነበር። ጓደኛዬ በሩ ላይ ብሎኬቱን ጉልበት አድርሶታል።

ኃላፊው፦ ጎበዝ! እሱ ዕቅድ ያከብራል።

ግንበኛው፦ ካቆመ ተጨንቋል ተብሎ እሱም ይመከራላ!

ኃላፊው፦ በል ዓይንህን ጨፍን። መቶ ጊዜ በረጅሙ እንተነፍሳለን። (ይጨፍናል።) አንድ... ሁለት...

ግንበኛው፦ ኧረ ወገብ ሊደርስ ነው!

ኃላፊው፦ ተንፍስ አልኩህ! ሦስት...

(ግንበኛው በጣቱ ጫፍ እየተራመደ ይሄዳል፤ በሩ ላይ እየተገነባ ያለውን ግድግዳ ተሻግሮ ይወጣል። ትንሽ ያስባል። ከዚያ ለጓደኛው ብሎኬት ማቀበል ይጀምራል።)

ኃላፊው፦ ...ዘጠና ዘጠኝ፣ መቶ። ቀለል አላለህም? (ዓይኑን ይገልጣል፤ ወንበሩ ባዶ ነው። ይዞራል። ከግድግዳው በላይ የግንበኛው ጭንቅላት ብቻ ይታያል።) ምንድን ነው ይሄ? በሩ የታለ?

ግንበኛው፦ ሐሙስ ነው፣ ጌታዬ።

ኃላፊው፦ አፍርሱት! አሁኑኑ!

ግንበኛው፦ ካፈረስነው ከዕቅዱ አንድ ቀን ወደ ኋላ እንቀራለን። ያኔ ሁላችንም ቀይ ነን።

(ከውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ይሰማል።)

ኃላፊው፦ መጡ! ጉድ ሆንኩ! ፕሮጀክቴ... ወንድሜ፣ እባክህ!

ግንበኛው፦ ስለ ሥራ ማውራት ክልክል ነው። ይልቅ ባለቤትዎ ደኅና ናቸው? ልጆችስ?

የሥራ አስኪያጁ ድምፅ፦ እንደምን አላችሁ? ሠራተኛው ሁሉ ደስተኛ ነው?

ግንበኛው፦ (ዞሮ) እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም አረንጓዴ ነን። ቀይ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ኃላፊያችን ናቸው። እየመከርናቸው ነው፣ ሐሙስ ይወጣሉ።