በገመቹ አንጀት የቀናሁበት ጾም

ሰው በጎረቤቱ ቤት ይቀናል፣ በመኪናው ይቀናል፣ በልጁ የፈተና ውጤት ይቀናል። እንዲህ ያለው ቅናት ደረጃውን የጠበቀ ስለሆነ ለንስሐ አባት ሲናገሩትም አያሳፍርም። እኔ ግን የቀናሁት በሰው አንጀት ነው። ይህ በምን አፍ ይነገራል?

አሰላ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ስንት ዓመት ተቀምጬ ደብተር ሳርም ኖሬ በመጨረሻ ሆዴ ሥራ አቆመ። አራት ቀን ይዘጋል፤ አንዳንዴም አምስት። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም ደህና አድርጎ መረመረኝና ክፉ በሽታ እንደሌለብኝ ነግሮኝ፣ ውሃ ይጠጡ፣ አትክልት ይብሉ፣ ይንቀሳቀሱ ብሎ አሰናበተኝ። ተናደድኩ። ይህን ለመናገር ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማረው?

ገመቹ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ መምህራን ክፍል ውስጥ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው። ጠዋት ልክ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ብድግ ብሎ ይወጣል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መዝሙር እያፏጨ ይመለሳል። ፊቱ ላይ ያለውን ሰላም ብታዩት! ሙሽራ እንኳ እንዲያ አያምርበትም።

በዚህ ላይ ዐቢይ ጾም ገባ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ከሽሮና ከገብስ ቆሎ ጋር ተፋጥጬ ከረምኩ። እሱ ጴንጤ ነው፤ በቅቤ የታሸ ጭኮ በምሳ ዕቃ ይዞ ይመጣል። ቅቤውም የእሱ፣ አንጀቱም የእሱ! ጿሚው እኔ፣ የሚቀለው እሱ! ሰላምታ ነፈግኩት።

አንድ ቀን እያፏጨ ሲገባ አላስቻለኝም። እዚህ የምንሠራ ሰዎች አለን ብዬ ጮህኩበት። ስወጣ ተከትሎኝ መጣና በረንዳው ላይ ያዘኝ።

«ምን አድርጌህ ነው? ምክትል ርዕሰ መምህርነቱን ለእኔ ስላሰቡት ነው?»

«እሱን ተወው» አልኩት። «ሽንት ቤት ስለምትሄድ ነው።»

ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀም። ጠጋ ብሎ «ስንት ቀንህ ነው?» አለኝ።

«ስድስት።»

«ያ ዋቃዮ!» አለ በኦሮምኛ፤ አምላኬ ሆይ ማለቱ ነው።

ለካስ ሕንድ አገር ሁለተኛ ዲግሪውን ሲማር እሱም ስምንት ቀን ተዘግቶበት አልቅሷል። አከራዩ አዩርቬዳ የሚባለውን የሕንዶች ባህላዊ ሕክምና የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ወሰዱት። ሽማግሌው የእጁን ምት አዳምጠው፣ ምን እንደሚበላና መቼ እንደሚተኛ ጠይቀው፣ ሆድህ ውስጥ ነፋስ በዝቷል አሉት። ነፋስ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው፤ ደረቅ ምግብና ብርድ ያባብሱታል፣ ትኩስና እርጥብ ነገር ያበርደዋል። ሽማግሌው አሰላን አያውቋትም እንጂ የተናገሩት ስለ እሷ ነው። ብርዱስ፣ ነፋሱስ፣ ቆሎውስ!

ትእዛዙን እዚያው ዘረዘረልኝ። ሲነጋ አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ። በገብስ ቆሎው ፈንታ ትኩስ የምስር ሾርባና ጎመን። ማታ የተዘፈዘፈ ተልባ፣ ከብዙ ውሃ ጋር። ከምሳ በኋላ ዘወር ዘወር ማለት። ሆድ ሲጠራ ደግሞ ቆይ ይህን ደብተር ልጨርስ አለማለት። ቅቤ በትኩስ ወተትም ነበረበት። «እሱ እስከ ፋሲካ ይቆይህ» አለኝ፤ «ሕንዶችም ይጾማሉ።»

ወጣቱ ሐኪም ካለው ብዙም እንዳልራቀ ገብቶኛል። ግን ሕንድ ደርሶ የመጣ ውሃ ይለያል።

ቤት ገብቼ ባለቤቴን አስካለን ተልባ ዘፍዝፊልኝ አልኳት፤ ሕክምናውንም አንድ በአንድ አስረዳኋት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ለሁለታችንም ዘፈዘፈች። ለእኔ ብላ ነው ብዬ ልቤ ተነካ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከጓሮ ስትመለስ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ደንግጬ ምን ሆንሽ አልኳት።

«የመጀመሪያ ልጃችንን ከወለድኩ ወዲህ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም።»

የመጀመሪያ ልጃችን ዘንድሮ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው! ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ «አንተ ስታማርር መቼ ተራ ደረሰኝ?» አለችኝ።

አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ በጣም አፈርኩ። ግን እሷ በሦስት ቀን! መካሪው የእኔ፣ በሽታውም በይፋ የታወቀው የእኔ፣ እና እሷ ትቅደመኝ? ገመቹን ይቅር አልኩትና በሚስቴ መቅናት ጀመርኩ። ስምንት ቀን ሙሉ ውሃዬን እየጠጣሁ በጎን አየኋት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሆዴ እሺ አለ። ዓለም ሰፋችኝ። እየሮጥኩ ገብቼ አስካለን አበሰርኳት። ከልቧ ደስ ብሏት ጉንጬን ሳመችኝ፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«እኔስ ዛሬ ሁለቴ ነው» አለችኝ።