መሪጌታ ፍሬ ስብሐት ፈረንሳዩን ሲፈቱ

በየሰፈሩ ለነገር ሁሉ አንድ ፍች የማይበቃው ሰው አለ። የሌለበት ሰፈር ካለ ንገሩኝ፤ ዛሬውኑ ዕቃዬን ጭኜ እገባለሁ። የእኛው መሪጌታ ፍሬ ስብሐት ናቸው፤ እኔ በሰፈራችን ስም ሊቀ ተርጓሚያን ዘዘንዘልማ እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን በጣና ገዳማት የመጻሕፍት ትርጓሜ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ልጃቸው ዘንድ መጡና ጎረቤቴ ሆኑ።

ሊቃውንት መጽሐፍ ሲተረጉሙ "አንድም" እያሉ ፍች በፍች ላይ ይደርባሉ። የኔታ ግን መጽሐፉን ጨርሰው ወደ እኛ ዞረዋል። መብራት ጠፋ ብላችሁ ከተነፈሳችሁ አለቀላችሁ። "ጠፋ ማለት ዝናብ ሊመጣ ነው። አንድም፣ ዕረፉ ሲላችሁ ነው። አንድም…" ባጃጅ ላይ የተለጠፈ ጥቅስ ካዩማ ሳይፈቱ አይሳፈሩም። አንድ ቀን ሾፌሩ ባጃጁን ትቶላቸው ሻይ ሊጠጣ ሄዷል።

የእኔው ጉድ ግን በራሴ እጅ የመጣ ነው። ባለቤቴ ሔራን ለሁለት ወር ሥልጠና አዲስ አበባ ሄዳ ስምንት ወር ሆናት። ስደውል "ሥራ ላይ ነኝ" ነው መልሷ። ትታልኝ የሄደችው አንድ ደብተር ነው፤ ፈረንሳይኛ ስትማር አንድ የፈረንሳይ ባለቅኔ ስለ ሕይወት፣ ስለ ፍቅርና ስለ ቤት ያሰበውን በአማርኛ የገለበጠችበት። አንዱ መስመር በቀይ ተሰምሮበታል፦ "ፍቅር ሲያልቅ አይጮህም፤ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ይወጣል።" እኔ የፋብሪካ ሰው ነኝ፤ የምመረምረው ጨርቅ ነው። ጨነቀኝና ለየኔታ አሳየኋቸው።

"ይህ ፈረንሳዊ የዋዛ አይደለም!" አሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ። "ዘጋ አለ እንጂ ቆለፈ አለ? አላለም። የተዘጋ ይከፈታል። አንድም፣ ቀስ ማለቱ እንዳትደነግጥ አዝኖልህ ነው። አንድም፣ ብርድ እንዳይገባብህ።"

ምን ልዋሽ፣ አመንሁ። ከሥራ ስወጣ እየሮጥሁ "ሌላስ የኔታ?" እል ጀመር። ለዚያች መስመር አሥራ አንድ ፍች አወጡላት። በአሥራ አንደኛው ሔራን ለመስቀል ትመጣለች። እኔ ጅሉም ቤቱን ቀለም ቀባሁ።

ለመስቀል የመጣው ስልክ ነው። "አካልዬ፣ አልመለስም። አትጠብቀኝ" አለች። አልጮኸችም።

ወደ የኔታ በረርሁ። "ይፍቱልኝ! አልመለስም ማለት ምን ማለት ነው?"

አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። "ፍቹ አንድ ነው" አሉ። "አትመጣም፣ ልጄ።"

"አንድምስ?"

"አንድም የለውም።"

በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ! ምነው ያኔ የጣና ሐይቅ በዋጠኝ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እየመጡ አጠገቤ ዝም ብለው መቀመጥ ያዙ። ንግግራቸው ገደለኝ ስል ኖሬ ዝምታቸው ባሰብኝ። ቢጨንቀኝ ደብተሩን አውጥቼ አነበብሁላቸው፦ "ቤት ማለት ስምህን ከውስጥ የሚጠራ ሰው ነው።"

"እኔን ማን ይጠራኛል፣ የኔታ?" ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

የኔታ ተቆጡ። "ሰውዬው እዚህ ላይ ስቷል!" አሉ። "ከውስጥ ብቻ ያለው ማን ነው? በየጧቱ ከአጥርህ ውጭ ቆሜ 'አካሉ' እያልሁ ሦስት ጊዜ የምጠራህ እኔ ምንድን ነኝ? ለዚያውም እየሰማህ ዝም ትለኛለህ!"

እውነታቸውን ነው፤ የተኛሁ እመስል ነበር። አፈርሁ።

አሁን በመጀመሪያው ጥሪ "አቤት" እላለሁ። እሳቸው ግን ሦስቱን ሳይጨርሱ አይገቡም።