ኢየሩስ የቆረጠችው ምስል

በየመሥሪያ ቤቱ ስክሪንሾት የሚያነሳ አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተ ጋ ከሌለ እናንተ ናችሁ ማለት ነው። ከአለቃ ይልቅ የሚያስፈራው እሱ ነው። አለቃ ይረሳል፤ ስክሪንሾት አይረሳም።

የኛዋ ክብርት ኢየሩስ ትባላለች። ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ባለው የጋሽ ሽኩር ኮምፒውተር ቤት፣ ጎን ለጎን ነው የምንሠራው። እሷ እዚህ ሥራ ከጀመረች ሰባት ዓመቷ ነው፤ እኔ ገና በሙከራ ላይ ነኝ። ኪቦርዷ ላይ ጽሑፉ የለቀቀው ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፦ ስክሪን የሚያነሳው። ትጫነዋለች፣ ቀይ ክብ ትሠራበታለች፣ ቀስት ትጨምርበታለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ "ይቀመጥ" ትላለች። እኔ ያችን ቃል ስሰማ የሠራሁትን ሁሉ እንደገና አያለሁ።

ሐዱሽ የሚባል ሙሽራ "የሠርግ ካርዴን ቀን አበላሻችሁት!" ብሎ እየጮኸ መጣ። ክብርት ኢየሩስ ስክሪኑን አዞረችለት። ራሱ የላከው መልእክት ነው፤ ቀኑ በቀይ ተከቧል።

"ወንድሜ፣ ይሄን የጻፈው ጣት የማን ነው?"

ሐዱሽ እጁን ኪሱ ከተተ። "እሺ፣ ሙሽራዋ ግን እንዳትሰማ።"

እኔንም አትምርም። አንድ ቀን አርፍጄ "ታክሲ አጥቼ ነው" ብላት፣ በዚያው ሰዓት ግሩፕ ላይ የላክሁትን የኳስ ቀልድ ከፍታ አሳየችኝ። "ታክሲ ጠፍቶ ቀልድ ተገኘ?" አለች። እንድታጠፋልኝ ለመንኳት። "እምሩ፣ ማስረጃ አይነካም!" አለችኝ።

ሐሙስ ዕለት ግን የምር ጥፋት ሠራሁ። መይሙና ለምትባል ደንበኛችን የፈተና ምዝገባ ፎርም ሞላሁላት። ሌላው ሰው ይማርበት ብዬ ስክሪኑን አንስቼ የኮምፒውተር ቤታችን የደንበኞች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። ስልክ ቁጥሯ እንዳይታይ በቢጫ ማርከር ቀባሁት። ቢጫ ማርከር ለካ ያደምቃል እንጂ አይሸፍንም! ስድስት መቶ ሰው አየው። አርብ ጠዋት መይሙና ጋሽ ሽኩር ጋ እያለቀሰች ደወለች። የማታውቃቸው ወንዶች "እናስጠናሽ" እያሉ ሲደውሉ አድረዋል።

የለጠፍኩትን ለማጥፋት ስጣደፍ ከጎኔ ያ ቁልፍ ጠቅ አለ። "ይቀመጥ።" እኔም አጠፋሁት፤ ግን ምን ዋጋ አለው? ሙከራዬ የሚያልቀው በማግሥቱ ነበር።

ጋሽ ሽኩር መጡ። "ማነው የለጠፈው? ኢየሩስ፣ አንቺ ሳታነሺው አትቀሪም። አሳዪኝ።"

አዞረችላቸው። የመይሙና ቁጥር በወፍራም ጥቁር ተሸፍኗል። የኔ ስምና ፎቶ የነበረበት ጎን ግን የለም። ተቆርጧል።

"የለጠፈውስ?"

"ምስሉ ላይ የለም፣ ጋሼ" አለች፣ ቀና ሳትል።

ዝም ብል ያልፍ ነበር። ግን የመይሙና ለቅሶ ጆሮዬ ውስጥ ነው። "እኔ ነኝ" አልኩ። ድምፄ ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም።

ጋሽ ሽኩር በጣታቸው ወደ በሩ አሳዩኝ። "ልጅቷ ከታች እሪ በከንቱ ሰፈር ናት ያለችው። ሂድና ይቅርታ ጠይቃት። እሷ ከማረችህ ሰኞ ትገባለህ። ካልማረችህ እዚህም አትምጣ።"

እሳቸው እንደወጡ ክብርት ኢየሩስ ጮኸችብኝ። "አንተ ጅል! ስንት ጊዜ አበላሽቼ፣ ስንት ደክሜ ነው የቆረጥኩልህ!" ጃኬቷን ከወንበሩ መነጨቀች። "ተነስ! ብቻህን ሄደህ ስትንተባተብ ጭራሽ ታስደነግጣታለህ።"

ቁልቁለቱን ፊት ፊቴ ወረደች። መይሙና ምን እንደምትለኝ አላውቅም። ኢየሩስ በየሁለት እርምጃው እየዞረች መከተሌን ታያለች።